ከታቦር ተራራ ሥር የተሣሉት

ብሩሽ ካስቀመጥኩ ይኸው ሁለተኛው ክረምት መጣ። እጄ መንቀጥቀጥ ስትጀምር መጀመሪያ ያመለጠኝ የቅዱሳኑ ዓይን ነበር። ቀጥሎ ጣታቸው፣ ቀጥሎ የልብሳቸው እጥፋት። በመጨረሻ ተራራ ብቻ ቀረልኝ፤ ተራራ ቢንቀጠቀጥም ማንም አይነቃበትም። ግን ተራራ ብቻ የሚያሠራ ደብር የለምና የቀለም ዕቃዬን አስረክቤ መካነ ኢየሱስ ልጄ ቤት ገባሁ።

መግባቱን ገባሁ፤ መቀመጡን ግን አልቻልኩበትም። ልጄ "አባባ፣ እንግዲህ ይረፉ እንጂ፤ ዕድሜዎን ሙሉ ዞረዋል" ትለኛለች። መደብ ላይ አጎዛ ታነጥፍልኛለች። ጥቂት ቁጭ እልና እነሣለሁ። ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው አውቶቡስ ሲነሣ አያለሁ፣ ገበያ እወርዳለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እወጣለሁ። ዝናብ ሲጥልማ ጭራሽ ይብስብኛል። ሰው ሁሉ ከቤቱ ሲከተት እኔ ጋቢዬን ደርቤ በየጣራው ጥግ እንከራተታለሁ። ዝናብ በመጣ ቁጥር የማስበው አንድ ነገር ነው፤ የትኛው ግድግዳ እየጠጣ ይሆን?

ሙያውም ተለውጧል። አሁን አሁን ከአዲስ አበባ የታተመ ሥዕል በወረቀት ተጠቅልሎ ይመጣል፤ በሚስማር ይመታል፤ አለቀ። ቀለሙ ያምራል፣ አልዋሽም። ባለፈው ሰንበት አንዱን የደብረ ታቦር ሥዕል ቆሜ አየሁት። ጌታ በብርሃን ተከቧል፣ ሙሴና ኤልያስ ከግራ ከቀኝ ቆመዋል፤ ከእግራቸው በታች ግን ደመና ብቻ ነው። አጠገቤ የነበሩትን ቄስ "አባ፣ ተራራው የት ሄደ?" ብዬ ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። እኔ ግን ቤት ተመልሼ እህል አልዋጥ አለኝ። ይህን የማወራውም ከዚያ ቀን ወዲህ አላስችል ብሎኝ ነው።

የተወለድኩት ጋይንት ነው፣ ከድጓው ደብር ከቤተ ልሔም ብዙም ሳይርቅ። እንደ አገሬ ሰው ሁሉ ዜማ ልማር ገባሁ። ቤተ ልሔም ደግሞ ዜማ እምቢ ያለው ሰው የሚደበቅበት አገር አይደለም። ድምፄ ከጉሮሮዬ ሳይወጣ ይሰበራል። የኔታ ብዙ ታገሡኝ። በኋላ ጓደኞቼ ሲያዜሙ እኔ በስንጥር መሬት ላይ ፈረስ ስሥል አዩኝና "ፈንታ፣ አንተን እግዚአብሔር በጉሮሮ በኩል አልጠራህም። በል አለቃ ውብነህ ዘንድ ሂድ" አሉኝ። ደስ ይበለኝ ይክፋኝ ሳላውቅ ስልቻዬን አንግቼ ሄድኩ።

አለቃ ውብነህ በጋይንት፣ በእስቴና በስማዳ የታወቁ ሠዓሊ ነበሩ። ረዥም፣ ከሲታ፣ ሲሄዱ መሬት የሚረግጡ የማይመስሉ ቄስ። ግድግዳ የሚፈትኑት በጉንጫቸው ነው። ማለዳ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ ይሄዱና ጉንጫቸውን ከምርጊቱ አጣብቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። "እጅ በሥራ ደንድኗል፣ ይዋሻል። ጉንጭ አይዋሽም" ይሉኛል። ከቀዘቀዛቸው ምርጊቱ ርጥብ ነውና ያን ቀን ሥራ የለም፤ ደብሩ ሁሉ ቆሞ ይጠብቅ።

ምርጊቱ ሲደርቅ አቡጀዲ እንለጥፍበታለን። ማጣበቂያው ከበሬ ቆዳ ቀኑን ሙሉ ሲቀቀል የሚውል ሙጫ ነው፤ ሽታው ከሰው ያለያያል። በላዩ ነጭ አፈር በሙጫ በጥብጠን እንለቀልቃለን። ነጩ ከደረቀ በኋላ በከሰል ይነደፋል። ቢጫውንና ቀዩን ከአፈር እናወጣለን፣ ጥቁሩን ከጥላሸት፣ ሰማያዊውን ከነጋዴ እንገዛለን። ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ከሐዲው ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን። አለቃ ዓይን ሲሥሉ አይናገሩም፤ የሚተነፍሱም አይመስልም። የጌታን ልብስ በደብረ ታቦር ሲሥሉ ደግሞ ቀለም አያስነኩትም። ዙሪያውን ሰማያዊና ቢጫ ያደርጉና ልብሱን በተለቀለቀው ነጭ አፈር እንዳለ ይለቁታል። "ብርሃን አይቀባም፤ ይተዋል" የሳቸው ቃል ነው።

ሌላው ሠዓሊ ከሰው ይጀምራል፤ እሳቸው ከተራራው። ከሰሉን ይዘው "ማን ወጣበት?" ይሉኛል። እኔ መመለስ አለብኝ። ሲና ከሆነ ሙሴንና ኤልያስን እጠራለሁ። ታቦር ሲሆን ወሬው ይረዝማል።

"ባርቅ ወጣበት፤ ዲቦራ አብራው ወጣች" አልኩ የመጀመሪያ ጊዜ።

"ለምን አብራው?"

"ያለ አንቺ አልሄድም ስላላት።"

"ከዚያስ?"

"ከተራራው ወርደው የሲሣራን ሠራዊት መቱ።"

"ከነሱስ በኋላ?"

ከባርቅ እስከ ጌታ ድረስ ተራራው ባዶውን የቆመ ይመስለኝ ነበር።

"ወጥመድ ተዘረጋበት" አሉኝ። "ሹማምንቱና ካህናቱ ሕዝቡን እንደ ወፍ ለጣዖት የሚያጠምዱበት ሆነ፤ ነቢዩ ወቅሷቸዋል። ተራራ ሁልጊዜ ቅዱስ አይደለም፣ ፈንታ። ይቀደሳል፣ ይረክሳል፣ ደግሞ ይቀደሳል።"

ስለዚህ የአለቃ ታቦር የሌላ ሰው ታቦር አይመስልም። ከጎኑ ዲቦራና ባርቅ ይወርዳሉ። ወገቡ ላይ የተቀደደ መረብ አለ። ከፍ ብሎ መልከ ጼዴቅ ዋሻው ደጃፍ ቆሟል፤ እሱ የነበረው ታቦር ነው የሚሉም ጎልጎታ ነው የሚሉም መምህራን አሉ፤ አለቃ "ቦታ ካለ ይግባ" ይላሉ። ከጫፉ ጌታ ከሙሴና ከኤልያስ ጋር፣ ከሥሩ ጴጥሮስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ በግንባራቸው ወድቀው። ከግርጌው ደግሞ ያልወጡት ዘጠኙ ደቀ መዛሙርት።

አንድ የእስቴ ገበሬ "አባ፣ ይሄ ታቦር የኛው ከጉና ማዶ ያለው ነው?" ቢላቸው "እኛ ስሙን ከዚያ ወስደን ነው። ወንጌሉማ ረዥም ተራራ ብሎ ስሙን ሳይጠራ አልፎታል፤ ታቦር ነው ያሉን አበው ናቸው" አሉት። ገበሬው ጥቂት አሰበና "እንግዲያ የኛውም ሊሆን ይችላል" ብሎ ሄደ። አለቃ ቀኑን ሲስቁ ዋሉ።

ታቦርን ለመሥራት በተዋዋሉ ቁጥር ጉናን ያስወጡኝ ነበር። ነፋሱ ፊት ይልጣል፣ ከጅብራ በቀር የሚታይ የለም። አንድ ጊዜ ከንፈሬ ደርቆ "አለቃ፣ የምንሥለው ታቦርን፣ የምንወጣው ጉናን፤ ምን አገናኛቸው?" ብላቸው "ታቦርን አንተም እኔም አላየነው። ትንፋሽ የሚያጥርበትን ቦታ ግን እወቅ። ጴጥሮስ እዚህ ብንኖር መልካም ነው ያለው ደክሞትም ይሆናል" አሉኝ።

ከሳቸው ጋር ስንት ደብር እንደዞርኩ አላውቅም። ደመወዛችን እህል፣ ማር፣ ሲደላ ጊደር ነው። ከአንድ ደብር ሳንጨርስ ልቤ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። የሚያሠሩን አለቆችም ዓይነታቸው ብዙ ነው። አንዱ ገበዝ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ የገዛ በቅሎውን ካልመሰለ ብሎ አስጨንቆናል።

ወደ ስማዳ የተጠራነው ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት በኋላ ነው። ከወገዳ ወርዶ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለች የኢየሱስ ደብር ነች፤ አገሬው አፋፍ ኢየሱስ ይላታል። የጠራን ደም ነው። ሞላ የሚባል ገበሬ በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ጎረቤቱን ከበደን ገድሎ ቆላ ወርዶ ነበር። ሽማግሌዎች ለፍተው አመጡት። ከደም ካሳው ከጉማው ሌላ የመቅደሱን የምሥራቅ ግድግዳ በደብረ ታቦር ሥዕል እንዲያሠራ ፈረዱበት። የመጨረሻው መሐላ የቡሄ ዕለት፣ ከሥዕሉ ፊት፣ ሁለቱም ወገን ቆመው እንዲሆን ተቆረጠ። እስከዚያ ድረስ የሟች ታናሽ ወንድም ደሳለኝ ጠመንጃውን ከትከሻው አላወረደም።

ስንደርስ ክረምቱ ገብቷል። ግድግዳው አዲስ ተመርጓል። አለቃ ጉንጫቸውን አሳረፉና ወዲያው ተመለሱ።

"ይህ እስከ ጥቅምት አይነካም" አሉ።

የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አያ አስረስ መሬት መሬት እያዩ "አለቃ፣ ግድግዳው ይጠብቃል፤ ደም ግን አይጠብቅም። ቡሄ ካለፈ ደሳለኝን የሚይዘው ነገር የለም" አሉ።

አለቃ ቤተ ክርስቲያኑን መዞር ጀመሩ። ዞሩ፣ ዞሩ። እኔም ከኋላ ከኋላቸው። በመጨረሻ ቆሙና "በል እሳት አስነድድ፤ ከሰው ሥዕል ይሙት" አሉኝ።

ከግድግዳው ሥር ፍም እየደረደርን፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን ሠራን። ላዩ ደረቀ። ውስጡን ማን ያውቃል? እንቅልፍ አጣሁ። ጣራው ላይ ዝናብ ሲወርድ በጀርባዬ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር።

ሥራው ሊያልቅ ሲል የሟቹ እናት እመት ዘርፌ መጡ። ቀጭን፣ ራሳቸውን ተላጭተው ጥቁር የለበሱ ሴትዮ ናቸው። ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"አለቃ፣ ሥዕል ያሠራ ሰው ከግርጌው ይሣላል ይላሉ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው፣ እመት።"

"የልጄ ገዳይ ከጌታ እግር ሥር ሊቀመጥ ነው?"

"ተደፍቶ ነው የሚሣል።"

"እንግዲያ ይሁዳ ካለበት ይደፋ። በአንድ ዓይን።"

አለቃ ብሩሻቸውን ውኃ ውስጥ ነከሩ። "ሰውን በአንድ ዓይን ለመሣል እኔ አልተሾምኩም፤ ያን ቦታ ለጊዜው ባዶ እተወዋለሁ" አሏቸው። እመት ዘርፌ ሳይሰናበቱን ወጡ።

የቡሄ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱ ወገን ከምሥራቅ ግድግዳ ፊት ቆመ። መሣሪያ ሁሉ ከቅጥሩ ውጭ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ሞላ ድንጋይ ተሸክሞ ተንበረከከ። አያ አስረስ መስቀል የያዙትን ቄስ አስቀድመው መናገር ሲጀምሩ እኔ የጌታን ልብስ አየሁ። ነጩ ላይ፣ ከደረቱ፣ እንደ ሻይ ያለ ጠብታ ፈጠጠ። ሰፋ። ወደ ታች ወረደ። የተተወው ብርሃን በጭቃ ውኃ ተሞላ። አለቃን ስመለከት እሳቸውም አይተውታል፤ ፊታቸው አመድ ሆኗል። ከዚያ የጨርቁ ጥግ ተላቀቀ። ርጥብ ቆዳ ከበሬ ላይ ሲገፈፍ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ፤ ታቦር ከነሙሴው ከነኤልያሱ ተጠቅልሎ ወረደ።

"ኢየሱስ እርቁን አልተቀበለም!" ብሎ ጮኸ ደሳለኝ። ሴቶቹ እልል ይሉ የነበሩት ዋይ አሉ። ወንዶቹ ወደ በሩ፣ ወደ ጠመንጃቸው ተጋፉ።

አለቃ ከወደቀው ጨርቅ ላይ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ። "ስሙኝ! ግድግዳው ርጥብ ነበር። ርጥብ መሆኑን እያወቅሁ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። የእግዚአብሔርን ፍርድ በእኔ ጭቃ ሥራ አታስገቡት!" ማን እንደ ለመናቸው አልተነፈሱም።

"ሽማግሌዎቹ ያስተማሩት ነው!" አለ ደሳለኝ።

ያን ጊዜ እመት ዘርፌ ከሴቶቹ መካከል ወጡ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው። መዳፋቸውን ከተራቆተው ግድግዳ ላይ አሳርፈው ቆዩ። ከዚያ መዳፋቸውን ለልጃቸው አሳዩት። ጭቃ ነክቶታል።

"ርጥብ ነው" አሉ።

"እማዬ..."

"ጭቃ ነው አልኩህ። ከጭቃ ላይ ምን ፍርድ ታነባለህ?"

መሐላው በባዶ ግድግዳ ፊት ተፈጸመ። ግን እኔ ከጎን ስለነበርኩ አይቻለሁ፤ ሌሎቹ ሲምሉ የደሳለኝ ከንፈር አልተንቀሳቀሰም። እናቱም እያዩት ነበር።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ጋይንት ገባ። "ታቦር የወደቀባቸው ሠዓሊ" ተባሉ። ከዚያ ወዲያ አለቃን የጠራ ደብር የለም። ቤተ ልሔም ተቀምጠው ብራና ይፍቁ ነበር፤ ማለዳ ማለዳ ግን የጎጇቸውን ግድግዳ በጉንጫቸው ሲነኩ አይቻቸዋለሁ። አዲሱ ዓመት ገብቶ ከዐቢይ ጾም በፊት ዐረፉ። ከቀብራቸው በኋላ ባንድ ቦታ ሁለት ሰንበት መዋል አቃተኝ። በእስቴ በኩል እየዞርኩ የተሰነጠቀ ሥዕል ጠጋገንኩ።

በሚቀጥለው በጋ አያ አስረስ ድረስ መጥተው አገኙኝ። "እመት ዘርፌ ግድግዳው ደርቋል፣ የዚያን አለቃ ደቀ መዝሙር አምጡልኝ ይላሉ" አሉኝ። ፈራሁ። ባዶ የቀረውን ቦታ ምን ልሥልበት? ስለዚህ አስቀድሜ ቤተ ልሔም ሄድኩና የትርጓሜ መምህሩን የኔታን ጠየቅኋቸው።

"የኔታ፣ ዘጠኙ ከተራራው ግርጌ ለምን ቀሩ?"

"በይሁዳ ምክንያት ነዋ። እሱ ያን ምሥጢር ማየት አይገባውም።"

"ታዲያ እሱን ብቻ ለምን አላስቀሩትም?"

"ብቻውን ቢቀር ከምሥጢሩ ለይተውኝ ነው የከዳሁት ብሎ ምክንያት ያገኛል። ለዚህ ሲባል ስምንቱ አብረውት ቀሩ። ግን እወቅ፣ ከጫፍ ላሉት የተገለጠው ከግርጌ ላሉት ለስምንቱም ተገልጧል። ይሁዳ እዚያው ቆሞ አላየም።"

ይህን ይዤ ስማዳ ወረድኩ። ጉንጬን ግድግዳው ላይ ሳሳርፍ እንደ ሸክላ ደረቅ ነበር። እመት ዘርፌ መጥተው ከፊቴ ቆሙ። የሰማሁትን እንደሰማሁት ነገርኳቸው።

"ስለ አንዱ ሲባል ስምንቱ ቀሩ?" አሉ።

"እንዲህ ነው ያሉኝ፣ እመት።"

"በል ሞላን ሣለው። በሁለት ዓይኑ። ከጎኑ ደግሞ ልጄን ሣልልኝ።"

"ከበደን እኮ በሕይወቱ አላየሁትም።"

"ደሳለኝ ቁርጥ እሱን ነው። እሱን እያየህ ሥራ፤ እኔ አመጣልሃለሁ።"

አመጡት። ሞላ ከአንዱ ዓምድ ሥር፣ ደሳለኝ ከሌላው ሥር ተቀመጡ። እኔ በመካከላቸው፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ እየዞርኩ ፊታቸውን እያየሁ እሥላለሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ከኋላዬ ሳል በተሰማ ቁጥር እደነግጣለሁ። ደሳለኝ አንድ ቀን ብቻ ተናገረኝ። "ወንድሜ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው፤ እኔ የለኝም" አለ። ጠባሳውን ልጨምር ከሰል ሳነሣ እመት ዘርፌ ከበሩ "ተው፣ እንዳለ ይሁን" አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ተውኩት።

አልቆ መጋረጃው በተገለጠ ቀን አገሩ ሁሉ መጣ። ታቦር ቆሟል። የጌታ ልብስ ነጭ ነው። ሕዝቡ ከጫፍ ጀምሮ እያየ ወረደና ግርጌው ላይ ሲደርስ ማንሾካሾክ ጀመረ። ደሳለኝ ሕዝቡን ከፍሎ ቀረበ። ቆሞ አየ።

"ይሄ ከበደ አይደለም" አለ። ድምፁ ተለወጠ። "ይሄ እኔ ነኝ።"

ሁሉም ወደኔ ዞረ። እመት ዘርፌ ግን መቋሚያ ተደግፈው ከቦታቸው ሳይነቃነቁ መለሱለት።

"አዎ፣ አንተ ነህ። ከበደ ያረፈበት ቦታ ሥዕል አይፈልግም። እኔ የቀረኝ አንተ ነህ። ይኸው ከሞላ ጎን፣ ከጌታ እግር ሥር ተንበርክከሃል፤ አገር አይቶሃል። ልጆችህም ያዩሃል። በል አሁን ሂድና ግደለው።"

ሞላ ከዓምዱ ሥር አልተነሣም። ደሳለኝ እናቱን አየ፣ ሥዕሉን አየ፣ ወጣ። ሁላችንም ጆሯችንን አቆምን። ከቅጥሩ ውጭ ጠመንጃውን ከዛፉ ሲያወርድ የቅርንጫፉ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ እግሩ በቁልቁለቱ፣ ወደ ቤቱ በሚወስደው መንገድ፣ እየራቀ ሄደ።

ወዳጆች ሆኑ ብዬ አላሳምርላችሁም። ለዓመታት ሰላምታ አልተለዋወጡም። አንዱ ሲያርስ ሌላው በሬውን ያዞራል። ግን ቡሄ በመጣ ቁጥር ሁለቱም ከዚያ ግድግዳ ፊት ይቆሙ ነበር፣ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ። እኔም በስማዳ ባለፍኩ ቁጥር ሳልጠራ እየገባሁ ግድግዳውን እዳስሳለሁ።

እመት ዘርፌ ሲያርፉ እዚያው አካባቢ ሥራ ላይ ነበርኩና ቀብር ደረስኩ። ቃሬዛው ከቤት ሲወጣ ከፊት በቀኝ ደሳለኝ ያዘ። በግራ በኩል የያዘው ዘመዳቸው አቀበቱ ላይ ሲደክመው ሞላ ከሕዝቡ ወጥቶ ትከሻውን አስገባ። ደሳለኝ ረዥም ነው፣ ሞላ አጭር፤ ቃሬዛው ወደ አንድ ወገን አዘነበለ። ደሳለኝ ዞር ብሎ አየው። ከዚያ ጉልበቱን ሸብረክ፣ ወገቡን ጎንበስ አደረገና እናቱ እንዳይዛነፉ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ እንደዚያው ሄደ።